መኪናዋ የማታውቀው ቁልፍ

ኢክራም ቁልፉን አዞረችው። ከመሪው ኋላ ያሉት መብራቶች ቦግ አሉ፤ ሬዲዮውም አባቴ ትቶት ከሄደበት ጣቢያ ላይ ማውራት ጀመረ። ሞተሩ ግን ድምፅ አላሰማም።

ሬዲዮውን አጥፍታ ደግማ ሞከረች። ያው ነው።

«አይዞሽ፣ ብዙ ቀን ቆማ ነው» አለችኝ፣ ፊቷን ወደ እኔ ሳታዞር።

ኢክራም ጎረቤቴና አብሮ አደጌ ናት። ቤተሰቦቿ መሃል ከተማ ጨርቅ ይነግዳሉ፤ እሷም በአባቷ መኪና አዲስ አበባ እየተመላለሰች ዕቃ ታመጣለች። እኔ መንጃ ፈቃድ ቢኖረኝም ከሐዋሳ ወጥቼ ነድቼ አላውቅም፤ ያን ቀን ጠዋት የደወልኩላትም ለዚህ ነበር። ከተማው ውስጥ ቤንዚን ከጠፋ ሰንብቷል። የእነሱ መኪና ባዶዋን ቆማለች። የእኛን ግን አባቴ ለፍልሰታ ሱባኤ ከመግባቱ በፊት ተሰልፎ ሞልቷት ነበር።

እናቴ ከኋላ ወንበር ላይ ጉልበቷን አጥፋ በጀርባዋ ተጋድማለች። ሐኪሙ እንዲህ እንድትተኛ አዟል። ጠዋት የዓይን ክሊኒክ የወሰድኳት «መነጽሬ አርጅቷል መሰለኝ» ብላኝ ነበር። ሐኪሙ ግራ ዓይኗን ሲመረምር ቆይቶ፣ ጥላ ማየት የጀመረችው መቼ እንደሆነ ሲጠይቃት ነው ስትደብቀን መክረሟን ያወቅሁት። ከታች በኩል ጥቁር ነገር ይነሳባታል፤ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ከፍ ይላል። ሐኪሙ እንዳስረዳን፣ ከዓይኗ ውስጥ በስተጀርባ ያለው ስስ ሽፋን ከላይ በኩል መላቀቅ ጀምሯል። ጥላው መሃል ሳይደርስ ቀዶ ሕክምና ከተደረገላት ዓይኗ ይተርፋል፤ መሃሉን ካለፈ በኋላ ግን ቢሠራላትም ፊደል መለየቷን እንጃ አለ። ቀኝ ዓይኗ ከልጅነቷ ጀምሮ ደካማ ነው። እናቴ አስተማሪ ናት፤ የምታነበው በግራው ነው።

ሐኪሙ እዚያው እያለን አዲስ አበባ ላለ ጓደኛው ደወለ። ሰውየው ዛሬ ከሰዓት ሊያያት፣ ነገ ማለዳ ሊሠራላት ተስማማ። ከነገ በኋላ ከአገር ይወጣል። «በጀርባዋ ተኝታ ትሂድ» አለኝ ሐኪሙ ለብቻዬ አድርጎ። «መንገጫገጭ የለም። ባጃጅ የለም፣ ሚኒባስ የለም። ጥላውን ደግሞ እየጠየቅሽ ተከታተይ።»

ኢክራም ጥሩምባውን ነካችው፤ ሰፈሩ ሁሉ ሰማው። የፊት መብራቱን አብርታ ወርዳ አየችና ባትሪ አይደለም አለች። ማርሹን ዜሮ ላይ አድርጋ፣ ፍሪሲዮኑን ረግጣ ሞከረች። ከዚያ ጎረቤት ጠርተን እናስገፋት የሚል ሐሳብ አመጣች።

እኔ ሌላ ነገር እያየሁ ነበር። ከፍጥነት መለኪያው አጠገብ የቁልፍ ቅርጽ ያላት ትንሽ ቀይ መብራት ብልጭ ድርግም ትላለች። ተናገርኩ፤ ኢክራም አልሰማችኝም። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ረዳት መምህር ነኝ፤ ተማሪዎች ፊት ቆሜ ሳስረዳም ከኋላ የተቀመጡት አይሰሙኝም። በመጨረሻ እጇን ያዝኩት።

«ይቺ መብራት ሁልጊዜ እንዲህ ታደርጋለች?»

ኢክራም አየቻትና ስልኳን አወጣች።

የደወለችው መሃል ከተማ የመኪና ኤሌክትሪክ ለሚሠራው ለእስራኤል ነው፤ የአባቷን መኪና የሚያይላቸው እሱ ነው። ስለ ቀይዋ መብራት ስትነግረው እንዳንገፋት አስጠነቀቃት። መብራቷ ብልጭ እያለች እስከ ሻሸመኔ ብንገፋትም አትነሳም፤ ሞተሩን ቆልፎ የያዘው የጸረ ስርቆት መሣሪያው ነው አላት። እየመጣሁ ነው ብሎ ዘጋው።

እስኪደርስ ድረስ ለተክሌ ደወልኩ። ተክሌ በኮንትራት የሚሠራ የሰፈራችን ሹፌር ነው። ማደያ ተሰልፎ እንዳደረ፣ የሰልፉ ጫፍ ከመታጠፊያው ወዲያ ስለሆነ እንደማይታየው ነገረኝ። ቤንዚን እንዳገኘ ይመጣል። መቼ እንደሚያገኝ ግን እሱም አያውቅም።

የኋላውን በር ከፍቼ ወደ እናቴ ጎንበስ አልኩ።

«እማዬ፣ ጥላው የት ደረሰ?»

ቀኝ ዓይኗን በመዳፏ ሸፈነች። «ጣሪያው ላይ ያለችውን መብራት ትክ ብዬ ሳያት ጉልበቴ ይታየኛል» አለች። «ከጉልበቴ ወዲያ የለም።»

ክሊኒክ አልጋ ላይ ሆና የእግሯን ጣቶች ታይ ነበር።

እስራኤል በሞተር ብስክሌት መጣ። የሥራ ቱታ የለበሰ፣ ቀጭን፣ ሲያስብ በሲዳምኛ ለራሱ የሚያጉተመትም ወጣት ነው። እናቴን ከአንገቱ ዝቅ ብሎ ሰላም አላትና ከመሪው ስር መመርመሪያ ማሽኑን ሰካ። ትንሿን ስክሪን ለብዙ ጊዜ አፍጥጦ አያት።

«ምን ትላለች?» አለችው ኢክራም።

«ሌባ ናችሁ ትላለች።»

«ታዲያ ምስክር ሁንልና።»

«ቁልፉን አላውቀውም ነው የምትለው።» እጁን ዘርግቶ ቁልፉን ተቀበላትና የፕላስቲክ ራሱን በቀጭን ካቻቢቴ ፈለቀቀው። ውስጡ ባዶ ነበር። መኪናዋ ቁልፏን የምትለይባት ቺፕ የምትቀመጥበት ጎድጓዳ ቦታ አለ፤ ቺፕ የለችበትም። እንዲህ ያለው ቁልፍ በር ይከፍታል፣ መብራት ያበራል፤ ሞተር ግን አያስነሳም አለን። የቀረጸው ሰው ብረቱን ብቻ ነው የቀረጸው።

እናቴ ከተኛችበት ሆና ታሪኩን ነገረችን። አባቴ አንድ ጊዜ ቁልፉን መኪናዋ ውስጥ ረስቶ በሩ ተቆለፈበት። ከዚያ በኋላ ነው ይህን አስቀርጾ ቁምሳጥን ውስጥ ያስቀመጠው። በሩን ሲከፍት ሁላችንም ስላየን ሁለት ቁልፍ አለን ብለን ኖርን። ከእሱ በቀር የሚነዳት ስለሌለ ግን በዚህኛው ሞተር ለማስነሳት የሞከረ ሰው አልነበረም። ዋናው ቁልፍ ከአባቴ ወገብ አይለይም። ሱባኤ ሲገባ ስልኩን ቡፌው ላይ ትቶ፣ ቁልፉን እንደ ልማዱ ይዞት ሄዷል።

አዲስ ቺፕ ማስተዋወቅ ይችል እንደሆነ እስራኤልን ጠየቅሁት። የምታውቀው አንድ ቁልፍ በእጃችን ቢኖር ቀላል ነበር፤ ከሌለ ግን ኮምፒዩተሯን አውጥቶ መሥራት ስለሚጠይቅ ዛሬ አይደርስም አለኝ። ከዚያ ትንሽ አመነታ።

«ሽቦ ቆራርጬ ልሞክራት እችላለሁ። ከዝዋይ ወዲያ ብትቆምባችሁ ግን ማን ይደርስላችኋል?»

ሦስታችንም የምናስበው አንድ ነገር ነበር፤ እናቴ ቀደመችን።

«አይጠራም» አለች።

«እማዬ፣ ቁልፉን ብቻ…»

«ሱባኤ የገባ ሰው እንደ ሞተ ነው የሚቆጠረው። እስኪፈታ ድረስ ሚስትም ልጅም የለውም። እኔ አላስወጣውም። ተክሌን እንጠብቃለን።»

ድምፅዋ ክፍል ሲንጫጫባት የምታወጣው ነበር። በዚያ ድምፅ ስትናገር መልስ ሰጥቻት አላውቅም፤ አሁንም አልሰጠኋትም።

ኢክራም ክንዴን ይዛ ወደ በሩ ወሰደችኝ። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ እሷ እንዳትሄድልኝ በፍልሰታ ሂጃብ ለብሳ የሱባኤ በር ብታንኳኳ ለሰፈር ወሬ እንደምትተርፍ ነገረችኝ። «ያም ጴንጤ ነው» አለች፣ በአገጯ እስራኤልን እያሳየች። «ካንቺ በቀር የሚገባ የለም፣ ማርታ።»

እስራኤል ሰምቷታል። ማሽኑን እየነቀለ፣ ሞተር ብስክሌቱ ትንሽ ቤንዚን ስላለው እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር በር ሊያደርሰኝ እንደሚችል ተናገረ።

ለእናቴ ቤንዚን በጄሪካን የሚሸጥ ሰው ልንፈልግ ነው አልኳት። ጣሪያውን ማየቷን ቀጠለች።

ቤተ ክርስቲያኑ ከከተማው ጫፍ፣ ኮረብታ ሥር ነው። ካፊያ ይጥል ነበር። ከእስራኤል ኋላ ተቀምጬ የእሱን ወገብ መያዝ ስላሳፈረኝ የመሣሪያ ቦርሳውን አቅፌ ሄድኩ። ኮብልስቶኑ አልቆ ጭቃው ሲጀምር ሞተሩ ተንሸራተተ፤ ያኔ ቱታውን ጨምድጄ ያዝኩ። ስለ ምንም ነገር አላወራንም። ቅጥሩ በር ላይ ሲያወርደኝ «እዚህ ነኝ» ብቻ አለኝ።

ነጠላዬን ተከናንቤ ገባሁ። ሱባኤተኞቹ ያሉት ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ባለ ረጅም የቆርቆሮ አዳራሽ ውስጥ ነበር። ደጃፉ ላይ በዕድሜ የገፉ አባት በርጩማ ላይ ተቀምጠው መቁጠሪያቸውን ያንከባልላሉ። ከውስጥ የብዙ ሰው ማነብነብ ይሰማል፤ አንዱ ከአንዱ የማይለይ፣ የማያቋርጥ ድምፅ።

አባቴን ፍቃዱን ለአንድ ደቂቃ እንዲያስጠሩልኝ ለመንኳቸው። እጃቸውን ጆሯቸው ላይ አደረጉ። ደገምኩት። ራሳቸውን ነቀነቁ። ሦስተኛውን እንዴት እንዳወጣሁት አላውቅም፤ ማነብነቡን ሰንጥቆ ገባና ከውስጥ አንዳንዱ ሰው ለአፍታ ዝም አለ። ፊቴ ሲግል ተሰማኝ።

«ፍቃዱ?» አሉ አባ። «ፍቃዱ የሚባል እዚህ የለም። የዓለም ስማቸውን ከውጭ ጥለው ነው የሚገቡት። የክርስትና ስሙ ማነው?»

አላውቀውም ነበር። ቄስ ቤታችን መጥተው ጸበል ሲረጩ የሁላችንንም ስም ሲጠሩ እሰማለሁ፤ ለራሴ ስም እንጂ ለሌላው ጆሮ ሰጥቼ አላውቅም። ትዝ የሚለኝ አጀማመሩ ብቻ ነው።

«በገብረ ይጀምራል፣ አባ።»

«ልጄ፣ እዚህ ያለው ግማሹ በገብረ ነው የሚጀምረው። ገብረ ብዬ ብጣራ ስንቱ ሊነሳ ነው?»

ከበሩ ሆኜ ልየው ብዬ ጠየቅሁ። ሴት እንደማትቀርብ፣ ብትቀርብም ሁሉም ተከናንበው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ስላዞሩ እንደማትለይ ነገሩኝ። ክፉ ሰው አልነበሩም። መንገዱን ብቻ አሳጡኝ።

ስሙን የምታውቀው እናቴ ናት። እሷን መጠየቅ ማለት ደግሞ የት እንዳለሁ መንገር ነው። ስልኬን ይዤ ከአዳራሹ ራቅ አልኩና አንድ የጽድ ዛፍ ሥር ቆምኩ። ዝናቡ ጨምሯል። ብትቆጣና ብትዘጋው፣ ወይም በቃ አልሄድም ብላ ከመኪናው ብትወርድ ምን እንደማደርግ አላውቅም ነበር። ደወልኩ።

ያነሳችው ኢክራም ናት። ለእማዬ ስጪልኝ አልኳት። ምንም ሳትጠይቀኝ ሰጠችልኝ።

«ቤንዚን አገኛችሁ?» አለች እናቴ።

«እማዬ፣ አባዬ ያለበት ደጅ ላይ ነኝ።»

ዝም አለች።

«በክርስትና ስሙ ካልሆነ አያስጠሩልኝም። አላውቀውም።»

ትንፋሿን እሰማለሁ። መልስ እንደማትሰጠኝ ሲገባኝ፣ ጠዋት ሐኪሙ ያዘዘኝን ጠየቅኋት።

«ጥላው የት ደረሰ?»

መዳፏን ወደ ዓይኗ ስትወስድ ታየኝ።

«ጉልበቴ ጠፋ» አለች። ድምፅዋ የአስተማሪ አልነበረም። ከዚያ፣ ስልኩን ከአፏ እያራቀች ይመስል፣ በጣም በቀስታ «ገብረጻድቅ» አለችና ዘጋችው።

አባቴ ሲወጣ ጋቢውን እስከ ግንባሩ ተከናንቦ ነበር፤ ከስቷል። አባ ዞር ብለው ቆሙልን። ሰላም አላለኝም።

«ዓይኗ ነው?» አለኝ።

ዛሬ ጠዋት ሐኪሙ ፊት እስክትናገር ድረስ እናቴ ለማንም እንዳልነገረች አውቃለሁ። «ማን ነገረህ?» አልኩት።

«ማንም። ሻይ ስትቀዳልኝ ከብርጭቆው ውጭ ይፈስሳል። ያላየሁ ሲመስላት ትጠርገዋለች።» ወደ መሬት አየ። «ራሷ እስክትነግረኝ ጠበቅሁ። ስትዘገይ ወደዚህ መጣሁ።»

አባቴን ተናግሬው አላውቅም። ነገር ግን የጠዋቱ ክሊኒክ፣ የተክሌ ሰልፍ፣ ያቺ ብልጭ የምትል ቀይ መብራት ሁሉ አንድ ላይ መጡብኝ።

«ሐኪም ነበር የሚያስፈልጋት፣ አባዬ።»

ይቆጣል ብዬ ነበር። ጋቢውን ገለጥ አድርጎ ከወገቡ የታሰረውን ክር መፍታት ጀመረ። ቋጠሮው አልፈታ ሲለው ጎንበስ ብዬ እኔ ፈታሁት። ቁልፉ ከሰውነቱ ሙቀት የተነሳ ሞቅ ብሏል።

«ነበር» አለ። «አሁን ገባኝ።»

አብሮን እንዲመጣ ጠየቅሁት፤ ከፊት ቦታ እንዳለ ነገርኩት። ወደ አዳራሹ ዞር ብሎ አየ፤ የእግሩ ጣቶች ጭቃው ውስጥ ሲንቀሳቀሱ አየሁ። ሊመጣ ነበር የመሰለኝ።

«እኔን ካየችኝ ያለቀላት ይመስላታል» አለ። «እዚህ እንደሆንኩ ብታስብ ይሻላታል። ሂጂ። ቁልፉን ከከተትሽ በኋላ ቶሎ አታዙሪው፤ ቀይዋ እስክትጠፋ ጠብቂያት።»

እስራኤል ከፊቴ ነገሩን አንብቦ ሞተሩን ቀድሞ አስነሳ። ስንመለስ የቱታውን ወገብ ይዤ ነበር፤ ማፈሬ ትዝ ያለኝ በኋላ ነው።

እናቴ እንደተውናት ናት። አላየችኝም፣ አላናገረችኝም። ቁልፉን ለኢክራም ሰጠኋትና አባቴ ያለውን ነገርኳት። ከተተችው። ሁላችንም ወደ ቀይዋ መብራት አጎነበስን። ብልጭ አለች። ደግማ ብልጭ አለች። እስራኤል በሲዳምኛ አንድ ነገር አጉተመተመ። ከዚያ መብራቷ ጠፋች፣ ጠፍታም ቀረች፤ ኢክራም ስታዞረው ሞተሩ አንዴ አጉረምርሞ ተነሳ።

ኢክራም መሪውን በሁለት እጇ ይዛ «ቢስሚላህ» አለች። እስራኤል የግቢውን በር ከፈተልንና ስናልፍ በመስኮቱ ጎንበስ አለ። እንዳታጠፉት አለን። እስክትደርሱ ድረስ ለሽንትም ብትወርዱ ሞተሩን እንዳታጠፉት።

ከኋላ የእናቴን ጭንቅላት ጭኔ ላይ አድርጌ ይዤ ነበር። ኢክራም ከጉድጓድ ሁሉ እየሸሸች፣ ጉብታ ላይ እንደ እንቁላል ጫኝ እየቀነሰች ትነዳለች። ጭነት መኪና ጥሩምባ ሲነፋባት «ከፈለግህ እለፍ፣ እኔ አስተማሪ ነው የጫንኩት» ትላለች ለራሷ። ሻሸመኔን እስክናልፍ እናቴ አልተናገረችም። ጥላው የት እንደደረሰ ስጠይቃት እጇን ደረቷ ላይ አስቀምጣ ታሳየኛለች፤ ቀጥሎ ስጠይቃት እጇ አንገቷ ላይ ነበር። ከዚያ ወዲያ መጠየቅ ፈራሁ።

ዝዋይ አካባቢ እሷው ጀመረችው።

«ተቆጣ?»

«አልተቆጣም። ያውቅ ነበር።»

«ምኑን?»

«ሻይ ስትቀጂ ከብርጭቆ ውጭ እንደሚፈስስሽ።»

ዓይኖቿን ጨፍናለች፤ ከጥጋቸው እንባ ወርዶ በጆሮዋ በኩል ጭኔን አራሰው።

«ጠርጌው ነበር እኮ» አለች።

የአዲስ አበባው ሐኪም ሊወጣ ኮቱን ለብሶ ነበር ያገኘነው። አውልቆ አያት። ጥላው መሃሉን ነክቶታል፤ አልፎታል ግን አላለም። ነገ እስኪሆን አልጠብቅም ብሎ ያኑ ዕለት አስገባት። እኔና ኢክራም ኮሪደሩ ላይ ተቀመጥን፤ ኢክራም ጫማዋን አውልቃ በግድግዳው በኩል ሰገደች፣ እኔ ወለሉን አየሁ። ሲወጣ የተላቀቀው ሽፋን ወደ ቦታው መመለሱን፣ ዓይኗ ውስጥ የሚይዝ አየር መሙላቱን፣ ይዞ መቅረቱ ግን በእሷ አተኛኘት እንደሚወሰን ነገረን። እንዳትቃና አለ። ስትበላም፣ ስትተኛም፣ ስትቀመጥም ፊቷ ወደ መሬት ይሁን።

እዚያው አዲስ አበባ፣ አክስቴ ቤት ወሰድናት። አልጋው ዳር ላይ ግንባሯን በትራስ ደግፋ፣ ፊቷን ወደ ወለሉ ደፍታ ሰነበተች። ሰው ሊጠይቃት ሲመጣ ጫማውን ብቻ እያየች በስም ትጠራው ነበር። የሐዋሳው ሐኪም ደውሎ እንዴት እንደሆነች ሲጠይቃት፣ ጓደኛህ ሱባኤ አስገባኝ አለችው።

አባቴ ፍልሰታ በተፈታ ማግስት በአውቶቡስ መጣ። ክፍሉ በር ላይ ቆሞ ጀርባዋን አየ። ሰላም ሊላት ቢጎነብስ ፊቷ አይደረስበትም። ትንሽ አሰበና ኮቱን አውልቆ ለእኔ ሰጠኝ። ከዚያ፣ እንደዚያ ያለ ጥንቁቅ ሰው፣ ምንጣፉ ላይ በጀርባው ተጋደመና ከአልጋው ሥር ገባ፤ ፊቱ ከፊቷ በታች ሆነ።

እናቴ መዳፏን አንስታ ቀኝ ዓይኗን ሸፈነች። በግራው ለብዙ ጊዜ አየችው። እኔ ኮቱን ይዤ በሩ ላይ ቆሜያለሁ።

«ሸብተሃል» አለችው።

«መቼ ነው ያየሽው?»

«አሁን።»